ስድስት ዓመት የጨመርንላት ልጅ

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር
ሆሳዕና

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጌታ ሰላም ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ይብዛላችሁ እላለሁ። ጤናዎ መልካም እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ባለፈው ሳምንት አራት ቀን ተመላልሰን ቢሮዎ ተቆልፎ ስናገኘው መስክ ወጥተዋል ተባልን፤ ይህን ሁሉ መስክ የሚያስወጣ ጉልበት የሰጠዎትን አምላክ አመስግነን ተመለስን። እኔ ተገኘ ኤርሲዶ እባላለሁ፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ የቀበሌዎ ነዋሪ ነኝ። በአደባባይ የምጽፈው፣ የበሩ ጥበቃ ከእጄ ማመልከቻ መቀበል ስለሰለቸው ነው።

ጉዳዩ የማራኪ ነው። ስሟን የጻፍኩት ፈቅዳልኝ ነው፤ የአባቷን ስም ግን እንድተወው ለምናኛለች። ማራኪ በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ ገና በአሥራ አራት ዓመቷ፣ በደላላ እጅ ወደ ዓረብ አገር ተላከች። አራት ዓመት ከመንፈቅ ሰው ቤት ተቆልፎባት ያለ ደመወዝ ሠራች፤ ባለፈው ጥር አንድ ፌስታል ልብስ ይዛ ተመለሰች። አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከተማችን ውስጥ እንዲህ ያሉትን ልጆች ተቀብሎ አንድ ዓመት የሚያኖር፣ የሚያሳክም፣ ልብስ ስፌት አስተምሮ የስፌት መኪና ሰጥቶ የሚያሰናብት ድርጅት አለ። የሚቀበለው ከሃያ ሁለት ዓመት ያልበለጡትን ሲሆን፣ ምዝገባው የሚያበቃው በመጪው ዓርብ ነው። የሚጠይቀው ሁለት ወረቀት ብቻ ነው፤ የቀበሌ መታወቂያና ተጎጂ መሆኗን የሚገልጽ ደብዳቤ። ሁለቱም ከእርስዎ ቢሮ ነው የሚወጡት፤ እንግዲህ ውለታዎን በተራ ልዘርዝር።

1ኛ. ማራኪ መታወቂያ ልታወጣ ስትመጣ፣ ጸሐፊዎ መዝገብ ገልጠው ዕድሜዋ ሃያ አምስት እንደሆነ ስለነገሯት እናመሰግናለን። ልጅቷ የባከነባት አምስት ዓመት ብቻ መስሏት ነበር፤ ለካ አሥራ አንድ ኖሯል።

2ኛ. ዛሬ ሃያ አምስት ከሆነች ስትሄድ ሃያ ዓመቷ ነበር፣ ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ደግሞ ወዶና ፈቅዶ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ተጎጂ የሚል ደብዳቤ አይጻፍላትም ተብሎ ስለተብራራልን እናመሰግናለን። ያን ያህል ዘመን ሳስተምር እንዲህ ጥርት ያለ ስሌት በሰሌዳ ላይ ጽፌ አላውቅም።

3ኛ. ዕድሜዋ እንዲታረም በ2013 ለፓስፖርቷ ሲባል ስለ ዕድሜዋ የመሰከሩላት ሦስት ሰዎች ቀርበው ቃላቸውን ያንሱ ስለተባለ ከልብ እናመሰግናለን። አንደኛው አጎቷ ነበሩ፤ አምና አርፈዋል። ሁለተኛው አቶ ሀብተሚካኤል ናቸው። እሳቸው ደግሞ ልጅቷን የላኳት ደላላ ናቸው፤ ከፎንቆ ከተማ እስከ ጃጁራ ከተማ ማን ያጣቸዋል! ዛሬ በእርስዎ በጎ ፈቃድ የቀበሌያችን የሕገወጥ ስደት መከላከያ ኮሚቴ አባል ሆነው በየስብሰባው የፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። በሥራው የእሳቸውን ያህል ልምድ ያለው ሰው ከየት ይገኛል? ማራኪ ራሷ ሄዳ ለመነቻቸው። እሳቸውም የበፊቱ አሠሪ ክፉ ሆኖ ነው እንጂ ሌላ አገር ደህና ቤት አለ፣ ፓስፖርቱን እኔው እጨርስልሻለሁ አሏት። አሁን በየቀኑ ይደውሉላታል። ወንድሞቿ ባዶ እጅሽን መጣሽ ብለው አያናግሯትም፤ ዓርብ ካለፋት የቀረላት በር የእሳቸው ብቻ ነው።

ሦስተኛው ምስክር እኔ ነኝ።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ ብዕሬ ሳይደናቀፍ መጥቷል፤ ከዚህ በታች ያለውን ግን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አባቷ ጎረቤቴ ነው፤ የምናመልከውም አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። መስክርልን ብሎ ሲመጣ ይሉኝታ ያዘኝ፤ እኛ ሰፈር እምቢ ያለ ሰው ክፉ ጎረቤት ይባላል። ሄጄ ሃያ ዓመት ሞልቷታል ብዬ ፈረምኩ። የሒሳብ ሰው ነኝና ስድስት መደመር አልከበደኝም። ከዚያ ቤታቸው ገብተን ከቡላና ከወተት የተሠራ፣ ቅቤው የተንሳፈፈበት አተካና ቀረበልን። እጃችንን ያስታጠበችን እሷ ነበረች፤ ጆጉ ከብዷት በሁለት እጇ ይዛዋለች። እኔ ግን በላሁ፤ ጣፍጦኝም ነበር።

በሄደች በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን የምስጋና ፕሮግራም አደረግን፤ ጸሎቱን ያሳረግኩት እኔ ነኝ። ጥር ላይ ስትመለስ ግን ጎረቤቱ ሁሉ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ጋቢውን ደርቦ እየገባ አባቷን እግዚአብሔር ያጽናህ አለው። ልጅቷ እኮ በሕይወት እዚያው ጥግ ተቀምጣለች! እኔም አልኩ። ብዬ ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ ብድግ ብላ መምህር እንደምን ከረሙ አለችኝ። ያኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

ምስክሮቹ ይቅረቡ ከተባለ በኋላ እንኳ አምስት ሳምንት ሙሉ ተደበቅኋት። ከሩቅ ሳያት መንገድ እቀይራለሁ፤ ሽምግልናዬስ፣ አገልግሎቴስ፣ ሰው ምን ይለኛል እላለሁ። በመጨረሻ እሷው ቤቴ መጣች። አልከሰሰችኝም፤ አላለቀሰችም። መምህር፣ ዋሽቼ ነው አይበሉ፣ ተሳስቼ ነው ብቻ ይበሉልኝ፣ ለኔ ይበቃኛል አለችኝ። የኔን ስም ለማዳን የምትጨነቀው እሷ ሆነች። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላውቅም።

አልተሳሳትኩም፤ ዋሽቻለሁ። ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከማራኪ ጋር እመጣና ይህንኑ በጽሑፍ እሰጥዎታለሁ። በሐሰት ምስክርነት የሚያስጠይቀኝ ከሆነ ፖሊስ ይጥሩልኝ፤ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ለራሴ የምለምነው ነገር የለኝም። የልጅቷ ትክክለኛ ዕድሜ ከዓርብ በፊት መታወቂያዋ ላይ ይጻፍ፤ ደብዳቤዋም ይሰጣት።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለሥራዎ መቃናት፣ ለወንበርዎ መጽናትና ለልጆችዎ በአገራቸው ማደግ እየጸለይኩ፣ ባርኔጣዬን አንስቼ የምሰናበትዎ፣

ተገኘ ኤርሲዶ
የቀድሞ መምህር፣ የሐሰት ምስክር
ግንቦት 2018 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ የአንድ ሰው ቃል አይበቃም እንዳይባል፣ በ2013 የስድስተኛ ክፍል ስም ጠሪዋ ሆኜ በእጄ የሞላሁትን ሮስተር አስገልብጫለሁ፤ ዕድሜ በሚለው ሥር አሥራ አራት ይላል። ደግሞም ያን የምስክርነት ቅጽ ያጸደቁት እርስዎ ነዎት፤ ከመፈረምዎ በፊት ቀና ብለው ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ ሲያዩዋት እኔ እርስዎን እያየሁ ነበር። ሰኞ አጠገቤ ቆመው ቃልዎን ቢያነሱ ሁለት ሆንን ማለት ነው። ኀፍረቱም ለአንድ ሰው በዝቷል፤ ድርሻዎን ቢወስዱልኝ ደስ ይለኛል።