የአያ ደርሶ በቅሎ ብቻዋን መጣች

ውድ እንዳልካቸው፣

ስምህ አሁን አባ ኪዳነ ማርያም እንደሆነ ነግረውኛል። በዚያ ስም የማውቀው ሰው ስለሌለኝ በድሮው ጠራሁህ። ይህን ወረቀት የሚያደርስልኝ በዛሪማ በኩል ወደ ገዳማችሁ የሚወርድ ዲያቆን ነው። መንገዱ ከተከፈተ ከሁዳዴ መግቢያ በፊት ይደርሳል ብሎኛል። ካልተከፈተ እንጃ።

ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው የምጽፈው። ባለፈው ጥር እዚህ ጎንደር ተለቅሶልሃል። ድንኳን ተተክሏል፣ ንፍሮ ተቀቅሏል፣ ደረት ተመትቷል። ከለቀስተኞቹ ውስጥ አለመሞትህን የሚያውቁም ነበሩ። እኔም አንዱ ነኝ።

ነገሩ የመጣው በአያ ደርሶ ነው።

አንተ ትተኸው ሄድክ እንጂ ከተማው አልተወውም። አንድ ገጽ ካርቱን በፎቶ ኮፒ እየተባዛ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ሱቅ እየወጣ፣ ሃያ ዓመት ኖረ ቢባል የሌላ አገር ሰው አያምንም። አንተ ትስላለህ። ጽሕፈትህ የዶሮ ጭረት ስለነበር ንግግሩን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። አያ ደርሶ ከትክል ድንጋይ በበቅሎው ተነስቶ ገበያ ይመጣል፤ ሲደርስ ገበያው ተበትኗል። ሠርግ ይሄዳል፤ ሙሽሮቹ ክርስትና እያስነሱ ያገኛቸዋል። መጨረሻ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ሲመለስ በቅሎዋ አንድ ነገር ትናገራለች፤ ሰው የሚስቀው በእሷ ነው። በመጨረሻው ገጻችን አያ ደርሶ «ለሚመጣው ቅዳሜ አላረፍድም» ብሎ ሄደ። ለሚመጣው ቅዳሜ አንተ ራስህ አልነበርክም።

ከዚያ ወዲህ በሱቄ በር የሚያልፍ ሁሉ «አያ ደርሶ አልመጣም?» ይለኛል። «አልመጣም» እላለሁ። «ታዲያ መቼ በሰዓቱ መጥቶ ያውቃል!» ብሎ ስቆ ያልፋል። ስድስት ዓመት እንዲህ ሆነ። ካርቱኑ ከቆመ በኋላም ቀልዱ አልቆመም።

ቤትህ ግን የሚስቅ ሰው አልነበረም። ቆብ ደፋህ የተባለ ጊዜ የሰፈር ሴቶች ሚስትህን ሊያጽናኑ ሲመጡ ባንቺአየሁ ደጅ ላይ ቆማ ነው የመለሰቻቸው። «በእግሩ የሄደ ሰው አይለቀስለትም» አለች። ጋቢህን ከአልጋው ራስጌ አላነሳችውም። ባለቤቴ ዐዚዛ ሄዳ ባየችው ቁጥር ቤት ስትመለስ እኔን ትቆጣኛለች፣ የሄድኩት እኔ ይመስል።

ኅዳር ላይ የትነበርሽ ሱቅ መጣች። ልጅህ አሁን የሕንፃ ንድፍ ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ነው የምትሠራው። የምትስለው በስክሪን ላይ ነው፤ እጇ ግን የአንተ ነው። አልዋሽህም፣ በአንዳንዱ ትበልጥሃለች።

«ጋሼ ዐብዱልከሪም፣ አያ ደርሶን እንደ አዲስ ልጀምረው ነው» አለችኝ።

«አባትሽ ፈቅዷል?»

«መነኩሴ ምን ንብረት አለው ብለው ነው ፈቃድ የምጠይቀው?»

«እናትሽስ?»

«እማዬ የእሱን ነገር አትፈቅድም፣ አትከለክልም። ያውቋት የለ። እርስዎ ብቻ ንግግሩን ይጻፉልኝ። ሰው የሚያውቀው የእርስዎን ጽሕፈት ነው።»

ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም አልኳት። መነጽሬን ከጠረጴዛው አንስታ ሰጠችኝ።

የመጀመሪያው ገጽ ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ወጣ። እንዲህ ነው፦ ቅዳሜ ገበያ፣ ሰው ግጥም ብሎ። በመሃሉ በቅሎዋ ብቻዋን ትመጣለች፤ ኮርቻዋ ላይ ማንም የለም። ኮርቻው ላይ የባለቤቷ ጋቢ ተጥሏል። ሰው ሁሉ ዞር እያለ ያያታል። በመጨረሻው ሥዕል በቅሎዋ ገበያው መሃል ቆማ «እኔስ ደረስኩ» ትላለች። የትነበርሽ ማለት የፈለገችው አያ ደርሶ እንደ ልማዱ አርፍዷል፣ አሁንስ በቅሎው እንኳ ቀደመችው ነው። ጋቢውን የጨመረችው በጥድፊያ ጥሎት የሄደ እንዲመስል ነው። ሳቅሁና ጻፍኩት። የከተማ ልጅ ናት፤ እኔም የነጋዴ ልጅ ነኝ። የእኛ ሰው ሲሞት በቅሎ አይጎተትም።

በዚያ ቀን ሱቁ በሰው ተሞላ። የመጀመሪያው አስናቀው ነበር፤ ባጃጁ ጀርባ ላይ የአያ ደርሶን ሥዕል ያሠራው ልጅ፣ ታስታውሰው ይሆናል። ገጹን ገልብጦ ጀርባውንም አየው።

«ጋሼ፣ ሰውየው የታለ?»

«ይመጣል። አርፍዶ ነው።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቄ በቅሎ ብቻ? መኪና ጠርቼ ጎማ የመጣልኝ ነው የመሰለኝ።»

የወንድሜ ልጅ ኢልሃም ከማሽኑ አጠገብ ሆና መለሰችለት። «አይገባህም እንጂ ከድሮው ይበልጣል። ዓይኗን አየኸው?»

«የበቅሎ ዓይን ምን ያደርግልኛል? ያስቃል ወይ በይኝ።»

«አሁን የሚያስቅ ነገር አለ?»

«ለዚህ አይደል እንዴ የምገዛው!»

ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነበር። ወጣቶቹ ፎቶ እያነሱ በቴሌግራም ለቀቁት፤ እዚያም ሁለት ሆኑ። አንዱ «የእኛን ኑሮ ሳለችው» ይላል፤ ሌላው «አባቷ የሠራውን አበላሸች» ይላል። የድሮው አያ ደርሶ ጥርሱ ይታይ ነበር የሚል አለ፤ በቅሎዋ ከስታለች የሚል አለ። የትነበርሽ ከመደርደሪያው ኋላ ቆማ ሁሉንም ትሰማለች። ፊቷ ይቀላል፣ ይጠቁራል። አንተ ግን ቅዳሜ ሱቅ መጥተህ አታውቅም ነበር። ሰው ሲያነብህ ማየት አትወድም።

ወደ ማታው አያ በላቸው መጣ፤ ገብስ ሸጦ የሚመለሰው የትክል ድንጋዩ ሰው። ፊደል አልቆጠረም፤ አያ ደርሶን ግን አንድም ቅዳሜ ሳይወስድ አይሄድም ነበር። ገጹን ተቀብሎ አየው። ባርኔጣውን አወለቀ።

«መቼ ነው?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ያረፈው።»

«ማንም አላረፈም፣ አያ በላቸው። አርፍዶ ነው።»

የትነበርሽን በጎን አያት፤ ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አለ። «ገባኝ» አለ በሹክሹክታ። «ቤተሰቡ መርዶ አልተረዳም። ሸጋ አድርገህ ነው የደበቅኸው።»

ለካስ በእነሱ አገር ባለበቅሎ ሲሞት በቅሎውን ኮርቻ ጭነው፣ ጋቢውን ኮርቻው ላይ ጥለው፣ ለቅሶው መሃል ይጎትቷታል። ልጅህ የሳለችው ያንን ነው፣ ሳታውቅ። እኔ «አልሞተም» ባልኩ ቁጥር ደግሞ መርዶ እንደሚደብቅ ሰው ሆንኩ። መርዶ የሚደብቅ ሰው የሚለው ያንኑ ነውና። አያ በላቸው የሞተው አያ ደርሶ ነው ብሎ አልተሳሳተም፤ ካርቱን መሆኑን ያውቃል። ሰዓሊው ገዳም መግባቱንም ያውቃል። ልጅቱ የአባቷን ሞት በሥዕል አወጀች ብሎ ነው የተረዳው። ወይም ሞቱን ሰምታ ለእናቷ በአፏ መንገር አቅቷት ነው ብሎ።

እሑድ ሳይነጋ የትነበርሽ ደወለች። «ጋሼ፣ ቶሎ ይምጡ። ግቢው ሰው ሞላ።»

ስደርስ ከአያ በላቸው የሰሙ የትክል ድንጋይ ሰዎች ጋቢያቸውን ዘቅዝቀው ግቢው ውስጥ ቆመዋል። በማለዳ መርዶ ሊያረዱ ነው የመጡት። ጎረቤት ለቅሶ ሰምቶ ወጥቷል። የእድራችሁ ዳኛ አንዳርጋቸው ድንኳን እያስተከለ ነው፤ ሲያየኝ ተቆጣ።

«አንተ አታፍርም? ሥዕሉን ትበትናለህ፣ ለእድር አትነግርም!»

«አልሞተም እኮ!»

«እሱን ለቤተሰቡ ንገር። እኔን አትደብቀኝ።»

የትነበርሽ ገጹን ይዛ ከአንዱ ወደ አንዱ ትሮጣለች። «አርፍዷል ማለቴ ነው! ዘግይቷል ማለቴ ነው!» አንዲት ትልቅ ሴት አቅፋ ያዘቻት። «አዬ ልጄ፣ ሐዘን እንዲህ ያስለፈልፋል» አለቻት። ያን ጊዜ የትነበርሽ እውነትም አለቀሰች። ሁሉም አያትና አመነ።

ባንቺአየሁ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ፀጉሯን እንኳ አልሸፈነችም። ማንንም አላባረረችም፤ ማንንም አልተቀበለችም።

በመጨረሻ የኔታ ወልደ ዮሐንስ ከደብሩ መጡ። እሳቸው ገዳሙን ያውቃሉ፤ ከአንተ ዘንድ ሰላምታ የያዘ ሰው ለገና አግኝተዋል። በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው ሰው ዝም አሰኙ። «ሰውየው በሕይወት አለ። ሞተ ብትሉም መነኩሴ ነው፤ ፍትሐቱ ቆብ የደፋ ዕለት ተደርሷል። በሁለቱም በኩል ዛሬ የሚለቀስ ነገር የለም። ወደየቤታችሁ።»

ሰው መንቀሳቀስ ጀመረ። አንዳርጋቸው የድንኳኑን ገመድ ያዘ።

«የኔታ» አለች ባንቺአየሁ። ድምፅዋ ወፍራም ነበር። «ለእሱስ ተደረሰለት። የእኔን ማን አለቀሰው?»

ወደ ቤት ገባች። ስትወጣ ጋቢህን ይዛለች። ድንኳኑ ሥር መሬት ላይ አነጠፈችው፤ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ደረቷን መታች። የወንዝ ማዶ ሰው የሚሰማው ጩኸት ነው የወጣት። ሴቶቹ ከበቧት። እኔ ጎንበስ ብዬ «ባንቺአየሁ፣ እንዳልካቸው እኮ አልሞተም» አልኳት በጆሮዋ።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ዝም በል።»

ሄጄ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጥኩ። ድንኳኑ እስከ ሠልስት ቆመ። ተረኛ ንፍሮ አመጣ። አስናቀው ለቀስተኛ በነፃ አመላለሰ። የኔታም ከራቁ በኋላ ተመልሰው መጥተው ተቀመጡ፤ ዳዊት ግን አልደገሙም።

ከዚያ በኋላ ያለው ለልጅህ ከፋ። ወሬው ወጣ፤ በቴሌግራም «አባቷን በቁሙ ቀበረች» አሏት። «በአባቷ ስም ነገደች» አሏት። የሚያደንቋትም አልረዷትም፤ «ደፋር ናት፣ ገድላዋለች» ብለው አሞገሷት፤ ያልገደለችውን። አስናቀው መጥቶ ለመናት፤ «የትንዬ፣ እባክሽ ሰውየውን መልሺው። በዚህ ዘመን አንድ ሰው እንኳ ደህና ይግባ።» ይህኛው ከስድቡ ሁሉ የበለጠ ጎዳት።

ሳምንቱን ሙሉ ሳለች። ቅዳሜ ዋዜማ ገጹን አመጣችልኝ። አያ ደርሶ መጥቷል። ጥርሱ፣ ባርኔጣው፣ ጎበጥ ያለው ትከሻው፣ ሁሉም አለ። ያንተ ሥራ ነው ብትለኝ አምንሃለሁ። እስክሪብቶዬን አነሳሁ።

«አይጻፉ» አለች። «ለእማዬ ሳላሳያት አይሆንም። ካልወደደችው እተወዋለሁ። ሥዕሉንም፣ ካርቱኑንም።»

አብሬያት ሄድኩ። ባንቺአየሁ ጋቢውን አጥባ ገመድ ላይ አስጥታው ነበር። ገጹን ብርሃን ላይ ይዛ አየችው።

«እሱን ይመስላል» አለች።

«ይውጣ?»

«ያልመጣ ሰው መጣ ብለሽ አትሳይ፣ ልጄ። እኔ ስድስት ዓመት እንዲህ ስስለው ኖርኩ።»

የትነበርሽ ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችው። «እሺ፣ በቅሎዋን ምን ላድርጋት?» አለች በንዴት። «ገበያው መሃል ኮርቻ ተጭና ቆማለች። ለዘለዓለም ትቁም?»

«ይህን ማሰብ ነበረበት» አለች እናቷ። ቀጥላም፣ «ኮርቻውን አውርጂላት» አለች።

የዚያ ቅዳሜ ገጽ አንድ ሥዕል ብቻ ነው። በቅሎዋ ቆማለች፤ ጠፍሩ ተፈቷል፤ የሴት እጆች ኮርቻውን ከጀርባዋ ሲያነሱ ይታያል። የሴትየዋ ፊት በከፊል ነው የሚታየው። ከኮርቻው ሥር ጀርባዋ የተላጠ ነው። የትነበርሽ ንግግሩ የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ትታ ለእናቷ አሳየቻት። ባንቺአየሁ የነገረችኝን እንዳለ ጻፍኩት፦ «እስኪ አንቺ እንኳ እረፊ።»

አልደብቅህም፣ ግማሹ ሰው ቀርቷል። አስናቀው ከባጃጁ ጀርባ ሥዕሉን በጥቁር ቀለም ደፈነው፤ ሰላምታ ግን አልከለከለኝም። ኢልሃምና ጓደኞቿ ገጹን የየቤታቸው ግድግዳ ላይ ለጥፈዋል። የትነበርሽ አላቆመችም። ሲሰድቧት አሁንም ፊቷ ይቀላል። ሱቅ መምጣቷን ግን አልተወችም፤ ሰው ሲያነብ ታያለች።

ያን ቅዳሜ ማታ አያ በላቸው መጣ። ባርኔጣውን ሳያወልቅ አየው።

«አሁን ሸጋ ነው» አለ። «ኮርቻ ተጭና ማደሯ ከንክኖኝ ነበር። ይቺ ማናት?»

«ሚስቱ።»

ቀና ብሎ አየኝ። በሃያ ዓመት ውስጥ ያየውን ገጽ ሁሉ በልቡ የሚገልጥ መሰለኝ፤ ገበያውን፣ ሠርጉን፣ መንገዱን።

«ምነው?» አለ። «አያ ደርሶ ሚስት ነበረችው እንዴ?»

ነበረችው አልኩት።

መልስ አልጠብቅም። ብትመጣ ቤትህን ታውቀዋለህ፤ ባትመጣም ጋቢህ ለአንድ ብርድ ለበረታበት የኔ ቢጤ ተሰጥቷልና አታስብ። እኔ ዓይኔ እስከቻለ ድረስ ሴትየዋ የምትናገረውን እጽፋለሁ። ብዙ የምትለው አላት።

ጓደኛህ ዐብዱልከሪም
ጎንደር፣ አራዳ