አማቴ ማማውን የወጡ ዕለት

ለማልጠግብሽ ታላቅ እህቴ፣

ሰላምታዬ ከባሕሩ ነፋስ ቀድሞ ይድረስሽ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? የላክሁልሽ የዓሣ መረቅስ ጠርሙሱ ሳይሰበር ደረሰ? እኛ ሰማይ ይመስገን ደህና ነን። አማቴም ደህና ናቸው፤ ጥርሳቸው እንጂ ምላሳቸው አላረጀም።

በደብዳቤሽ ስለ መብራት ማማው ጠባቂ፣ ስለ ኪየም ጠይቀሽኛል። «ሰው የሚያወራው እውነት ነው ወይ? አማትሽ አንድ ልጃቸውን ባሕር በልቶባቸው፣ አንቺ ደግሞ በቁማቸው ሌላ ባል ልታገቢባቸው ነው ወይ?» ብለሽ ተቆጥተሻል። እመልስልሻለሁ፤ ምን ያስቸኩልሻል? መጀመሪያ ስለ ማማው ላውራሽ።

ባለፈው ሳምንት አማቴ ድንገት ብድግ ብለው «ማማውን ሳልወጣው አልሞትም» አሉ። ባሌ ላን ባሕር በወጣ ቁጥር ያን መብራት እያዩ ነበር የሚጠብቁት። እሱ ከቀረ ወዲህ ግን ሲመሽ መስኮቱን ጥርቅም አድርገው ይዘጉታል። ስለዚህ ገረመኝ፤ ፈራሁም።

ማማው ወዳለባት ደሴት በክቧ የቀርከሃ ጀልባ ተሻገርን። አማቴ እንደ ቅርጫት ዶሮ ተኮራምተው «ቀጥ አድርገህ ቅዘፍ እንጂ! ወፍጮ ነው የተሳፈርኩት?» እያሉ ቀዛፊውን ይሰድቡታል። እሱም «እማማ፣ ክብ ነገር ቀጥ ብሎ ሲሄድ የት አይተዋል?» ይላቸዋል።

እህቴ፣ ማማውን ከሥሩ ቆመሽ ብታዪው! ከደጃችን ሲያዩት የሸንኮራ አገዳ የሚያክለው ነገር፣ ቀና ብዬ ጫፉን ስፈልግ ባርኔጣዬ ከራሴ ወደቀ። ድንጋዩ አንዱ ካንዱ የተጋጠመበት ቦታ ጥፍር አያስገባም። ያን ሁሉ ማዕበል፣ ያን ሁሉ ጦርነት አሳልፎ ንቅንቅ አላለም። በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ፀሐይ ሲጠጣ የዋለ ድንጋይ ልክ እንደ ሰው ገላ ይሞቃል።

ደረጃውን መቁጠር ጀምሬ ትንፋሼ ሲያጥር ተውኩት። አማቴን ኪየም አዝሎ አወጣቸው። «አንተ ልጅ፣ ጀርባህ አጥንት ብቻ ነው፤ የሚያበስልልህ የለም?» ቢሉት፣ «ራሴው ነኝ እማማ፤ ሩዙን ሁልጊዜ አሳርረዋለሁ» አላቸው። እኔ ከኋላ ሆኜ ግድግዳውን አደንቅ ነበር።

ከላይ ያለውን ምን ብዬ ልንገርሽ? ውሃው እዚህ አረንጓዴ፣ እዚያ ሰማያዊ፤ ጀልባዎቹ እንደ ተበተነ ሰሊጥ፤ የቤቴ ጣሪያ አውራ ጣት አይሞላም። የመብራቱን መስታወት ኪየም እንዴት እንደሚወለውለው! ፊቴን አየሁበት። ፀጉሬ ተበታትኖ ኖሮ አስተካከልኩት።

አማቴ መስታወቱን ዳሰሱት። «ላን የቀረ ማታ በርቶ ነበር?» ብለው ኪየምን ጠየቁት።

«ሌሊቱን ሙሉ፣ እማማ። ከዚያ ሌላ ላደርግለት የቻልኩት የለም» አላቸው።

ከዚያም የትራው ቅጠል አወጣ። ኖራ ቀባው፣ የሚታኘከውን ፍሬ ሰንጥቆ ጠቀለለበት፣ በሁለት እጁ ሰጣቸው። አማቴን ታውቂያቸዋለሽ፤ ከባዕድ እጅ ትራው አይቀበሉም። በእኛ ዘንድ ትራው መቀበል የጋብቻ ቃል መስጠት አይደል? እኔን ለላን ሊጠይቁ በመጡ ጊዜ፣ እናታችን ከእጃቸው እስክትቀበል ስንቴ እንዳስለመነቻቸው አትረሺውም።

ተቀበሉት። ለሁለት ገምሰው ግማሹን ወደ አፋቸው፣ ግማሹን መዳፌ ላይ አኖሩት። «አኝኪ እንጂ፣ ምን ያስደነግጥሻል? ነፋሱ ብርድ አለው» አሉኝ።

አኘክሁ፤ ትራው እንደ ልማዱ ከንፈሬን አቀላው። ኪየም ወደ ባሕሩ ዞሮ መርከብ የሚፈልግ መሰለ፤ አንድም መርከብ አልነበረም።

የዚያን ዕለት ማታ አማቴ መስኮቱን ሳይዘጉት ተኙ።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ ስል ወረቀቱ አለቀብኝ። ለአዲስ ዓመት ስትመጪ ግን የእናታችንን የነሐስ የትራው ሰሃን ይዘሽልኝ ነይ፤ በሎሚ ፈትገሽ አብሪው። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ፤ ጉልበትሽንም ይጠግንልሽ። ባይጠግንልሽም አታስቢ፤ ማማው ላይ የሚያወጣሽ ጀርባ አለ።

ከንፈሯ የቀላ ታናሽ እህትሽ