ለታብሌቶቹ ከቨር ስመርጥ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ክረምቱ ወጥቷል፣ ጭቃው ግን አልሰማም። ከአስፋልቱ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ለመድረስ ጫማዬን በእጄ መያዝ ነው የቀረኝ። የአንደኛ ክፍል ልጆቼ ደስ ብሏቸው ያንቦጫርቃሉ። ምን ቸገራቸው፣ የሚያጥቡት እነሱ አይደሉ።

በእረፍት ሰዓት ርዕሰ መምህሩ አቶ ዳኜ አስጠሩኝ። ምን አጠፋሁ ብዬ ሄድኩ። ቁም ሳጥናቸውን በቁልፍ ከፈቱ... ታብሌት! ሠላሳ! አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ለአንደኛ ክፍል የሰጠን። ለካ ከመጡ ወር አልፏቸዋል። የመስታወታቸው ላስቲክ እንኳ አልተላጠም።

“ከቨር ሳይገዛላቸው ከዚህ አይወጡም። ጣቢታ፣ ከቨሩን አንቺ ምረጪ” አሉኝ።

“ለምን እኔ?”

“በትምህርት ቤቱ እንዳንቺ የሚያማርር ስለሌለ።”

እውነታቸውን ነዋ።

ድርጅቱ ኅዳር ላይ መጥቶ ያያል። ልጆቹ ሲጠቀሙባቸው ካላየ ሰብስቦ ቡራዩ ላለ ትምህርት ቤት ይሰጣል። የእኔ ልጆች ታብሌት የሚባል ነገር ነክተው አያውቁም። አባትና እናታቸው ፋብሪካ ነው የሚውሉት። ይሄ ካለፈን ሌላ ከየት ይመጣል? አይሆንም። አላስወስድም።

ጥቅምት 4

በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ አቶ ዳኜ አወጁ፦ “ታብሌት የሰበረ ተማሪ ወላጁን ይዞ ይመጣል!”

ይጠንቀቁ እንጂ፣ ጥሩ ነው አልኩ። እኔስ በቀን ስንቴ ነው የምለው? እርሳስ የጠፋበት፣ ወላጅ አምጣ። ጓደኛዋን የነከሰች፣ ወላጅ አምጪ። አፌ ለምዶታል።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

መርካቶ። እግሬ አልቋል። ከቨር ሻጩ ሁሉ አንድ ቃል ነው የሚያውቀው፤ “አይሰበርም፣ ኦሪጅናል ነው።” አንዱን ጎረምሳ ያዝኩት።

“አይሰበርም?”

“በፍጹም እህቴ!”

“የራስህን ታብሌት አስገባና ጣለው እስቲ።”

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የሱም ሳቅ ጠፋ። “እንዴ... እሱማ የኔ ነው” አለኝ።

ሦስት ዓይነት ለናሙና ይዤ መጣሁ። አንደኛው ቆዳ መሳይ፣ ታጣፊ ክዳን ያለው፤ ለቸርች አገልግሎት ይዤው ብሄድ መጽሐፍ ቅዱስ ነው የሚመስለው። ሁለተኛው ጠንካራ ፕላስቲክ፣ በብሎን የሚታሰር። ሦስተኛው ወፍራም፣ እንደ ስፖንጅ የሚለመጥ፣ ከላይ እጀታ ያለው። ቀለሙ ብርቱካናማ ነው። ዓይን ይወጋል።

ጥቅምት 9፣ እሁድ

ከቸርች በኋላ ኤርምያስ ጋ ሄድኩ፣ ቡራዩ። ከኮሌጅ ጀምሮ ጓደኛዬ ነው፤ የሱ ትምህርት ቤት አምና ታብሌት ገብቶለታል። (ያስወሰድኩ እንደሆነ ለሱ ትምህርት ቤት ይሆን እንዴ የሚሰጡት? አልጠየቅኩትም። ባልጠይቅ ይሻላል።)

የቆዳውን ገና ከቦርሳዬ ሳወጣው እጁን አወናጨፈ። “እሱን ለቢሮ ሰው ስጪው። እኛ ገዝተን ክዳኑ ወር ሳይሞላው ተገነጠለ።” ማዕዘኖቹን በአውራ ጣቴ እንድጫን አደረገኝ። ታብሌት ሲወድቅ መጀመሪያ የሚመታው ማዕዘኑ ነው፣ እዚያ ጋ ካልወፈረ ዋጋ የለውም አለ። ጠርዙ ደግሞ ከመስታወቱ ከፍ ማለት አለበት። የቻርጀሩ ቀዳዳ መክደኛ ቢኖረው ጥሩ ነው፤ “ልጆች እጅ ላይ ምን እንደማይጠፋ አንቺ ታውቂያለሽ።”

አውቃለሁ። አርብ ዕለት አንዱ ማር ይዞ መጥቶ ነበር።

ጥቅምት 11

መስታወት ቤት ሄጄ በታብሌቱ ልክ ሦስት ቁራጭ አስቆረጥኩ።

“ለምንድነው?” አለኝ ሰውዬው።

“ልሰብረው።”

ቁጭ ብሎ አየኝ። “ስንት ዘመን መስታወት ስሸጥ ለመስበር የሚገዛ ሰው ዛሬ አየሁ” አለ።

ከመስታወቱ ስር ክብደት እንዲሆን አሮጌ ደብተር አድርጌ፣ ከጠረጴዛ ቁመት በረንዳው ሲሚንቶ ላይ ጣልኩ። ቆዳው... ገና በመጀመሪያው ዱቄት። የብሎኑ ተረፈ። ብርቱካናማውም ተረፈ፣ እንዲያውም ነጠረ። ደጋግሜ ጣልኩት። አከራዬ በመስኮት ብቅ ብለው “ምን ሆነሽ ነው ልጄ?” አሉኝ። “ሥራ ነው እማማ” አልኩ። አላመኑኝም።

ጥቅምት 13

ናሙናዎቹን ለልጆቹ አስያዝኳቸው። የብሎኑ ከበዳቸው። ትንንሽ እጅ ከስር ሲገባ ወዲያው ይዝላል፣ ጠረጴዛ ላይ ጧ ያደርጉታል። ለመስታወቱ ይስማማል እንጂ ለልጅ አይስማማም። ብርቱካናማውን ግን በእጀታው አንጠልጥለው እንደ ምሳ ዕቃ ይዘውት ዞሩ።

አለቀ። መረጥኩ።

ጥቅምት 14

አልቋል እንዴ? አቶ ዳኜ የቆዳውን ነው የወደዱት። “ይሄ ጨዋ ነው። እንግዳ ሲመጣ ያኮራል። ያንቺው መጫወቻ ይመስላል።”

“ልጆች ናቸው እኮ የሚይዙት።”

“እሱን ተይው።”

የተሰበረውን መስታወት በፌስታል ይዤ ነበር፤ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። ከቆዳው ከቨር ውስጥ እንደወጣ ነገርኳቸው። ፌስታሉን በጣታቸው ነካ አድርገው ቆዩ። “በይ እሺ፣ ብርቱካናማው ይታዘዝ” አሉ።

ደስ አለኝ። በጣም።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

ከቨሮቹ መጡ። አልብሰን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል ገቡ። የምጠብቀው ጩኸት ነበር። ጆሮዬን አዘጋጅቼ ነበር የገባሁት።

ድምፅ የለም።

ታብሌቱን ከፊታቸው አስቀምጠው ያዩታል። እጁን የሚዘረጋ የለም። እኔ ስነካላቸው ፊደሉ ሲጮህ ይስቃሉ፣ እኔ ዞር ስል ዝም። “ንኩት እንጂ!” ጥቂቶቹ በአንድ ጣት ነካ አድርገው የጋለ ምጣድ እንደነኩ ጣታቸውን ሰበሰቡ። መኪያ ጭራሽ ሁለት እጆቿን ከጭኗ ስር አስገብታ ተቀምጣበታለች። በንባብ ከሁሉም የምትቀድመው መኪያ!

“ምነው መኪያ?”

“ቲቸር፣ አንቺ ንኪልኝ።”

“ለምን?”

“እማዬ አትንኪ ብላኛለች።”

ያን ሁሉ መስታወት የሰበርኩት ለዚህ ነው? ተናድጄ ነው ወደ ቤት የገባሁት። በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

ኅዳር 1፣ ሰኞ

የመኪያን እናት አገኘኋት። መብሩካ ትባላለች፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። የከሰዓት ፈረቃ ሰዎችን የሚወስደው ሰርቪስ በሰባት ሰዓት በራችን ፊት ለፊት ይቆማል፤ እዚያ ጠበቅኳት።

አስጠርቻት መስሏት ክው አለች። አይደለም አልኳት። ታብሌቱን ለምን እንደከለከለቻት ጠየቅኳት።

“አምና ትልቁ ልጄ መስኮት ሰበረ። ወላጅ ተባልኩ። መጣሁ፣ ከፈረቃ ቀረሁ። ማስጠንቀቂያ ጻፉብኝ። ሁለተኛ ከቀረሁ መባረር ነው ቲቸር። አትንካው። ታብሌት ሳይነኩ ያደጉም ሰው ሆነዋል።”

ሰርቪሱ ክላክስ አደረገ። ሮጠች።

እኔ ማዕዘኑን ስጫን፣ ጠርዙን ስለካ ከረምኩ... ልጅቷ የፈራችው ሲሚንቶውን መች ሆነ።

ኅዳር 2

አቶ ዳኜ ቢሮ። ያወጁትን እንዲያነሱት ለመንኳቸው። የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢው ኦቦ ዋቆም ነበሩ።

“ካልፈሩ በምን ይጠነቀቃሉ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ!” አሉ አቶ ዳኜ።

“ፈርተው እኮ አልነኩም።”

“አልነኩም፣ አልሰበሩም!”

ኦቦ ዋቆ ሳቁ። “ዳዲ፣ የልጅ ልጄ፣ ማታ መጥቶ ‘አባባ፣ ታብሌት አየሁ’ አለኝ። አየሁ! ማየትማ እኔም ቴሌቪዥን አያለሁ። ዱጋዳ! እውነት ነው፤ ጣቢታ ያለችው ልክ ነው።”

የአቶ ዳኜ ድምፅ ዝቅ አለ። “በእኔ ፊርማ ነው የገቡት። ከላይ ‘የት አደረስክ’ ቢሉኝ ማን ይቆምልኛል?”

ለካ እሳቸውንም ወላጅ አምጣ የሚላቸው አለ። አሳዘኑኝ። ስንት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ አንድ ቀን አላሳዘኑኝም ነበር።

“ከተሰበረ አብሬዎት እጠየቃለሁ። ወላጅ አምጪ ካሉኝም እናቴን ከሆሳዕና አመጣለሁ” አልኳቸው።

“እኔም አለሁ” አሉ ኦቦ ዋቆ። “ኮሚቴው ያውቀዋል ብለህ ጻፍ።”

አቶ ዳኜ እሺ አላሉም። ግን እምቢም አላሉ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ዛሬ የሆነውን ሳልረሳ ልጻፈው።

በሰልፉ ላይ አቶ ዳኜ ተናገሩ። “ታብሌት ቢወድቅባችሁ፣ ቢሰበርባችሁም ወላጅ አይጠራም። መጥታችሁ ለቲቸር ወይም ለእኔ ንገሩ። መደበቅ ነው ክልክሉ።” ቃሉ ከአፋቸው እየተጎተተ ነው የወጣው። ይውጣ ብቻ።

ክፍል ገባን። አንዳንዱ ነካ፣ አንዳንዱ ጎረቤቱን አየና ነካ። ዳዲማ ከነከንፈሩ ነው የተጠጋው። መኪያ እጇ ከጭኗ ስር ነው።

“ሰምተሻል አይደል?”

“እኔ ሰምቻለሁ። እማዬ አልሰማችም።”

ምን ልበላት? አቶ ዳኜ ጋ ሄጄ እንዳለችው ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ሰዓታቸውን አዩ። ኮታቸውን ከወንበሩ አንስተው “ነይ” አሉኝ። ሰርቪሱ ጋ ሄድን።

መብሩካ ርዕሰ መምህሩን ስታይ ምሳዋ ከእጇ ሊወድቅ። “ምን ሰበረች?!”

“ምንም። እኔ ነኝ አንቺ ጋ የመጣሁት። ልጅሽ ትንካው።”

“ብትሰብርስ ጋሼ?”

“ብትሰብርም አልጠራሽም።”

“ይማሉ?”

“እንዴት ልማልልሽ... በማን?”

“በሚያምኑበት።”

አቶ ዳኜ ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ እጃቸውን አነሱ፦ “በማርያም!”

ሰርቪሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። መብሩካም በሻሿ ጫፍ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔ መናፍቋ ደግሞ በማርያም በመማላቸው ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

ኅዳር 5

መኪያ ነካችው። በአንድ ጣት ጀመረች። ስትጨርስ አገጯም ታብሌቱ ላይ ነበር።

ኅዳር 11

የድርጅቱ ሰዎች መጡ። ክፍሉ በጩኸት እየተናጋ ነበር፣ አፍሬ “ዝም በሉ!” ስል አንደኛዋ ሴትዮ “ተያቸው” አለችኝ። አዩ፣ ፎቶ አነሱ፣ ሄዱ። ታብሌቶቹ የእኛ ሆነው ቀሩ። ለኤርምያስ ደወልኩ። ለሱ ትምህርት ቤት ነበር ለካ ሊሰጡት የነበረው። “ይቅናሽ” አለኝ።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ተሰበረ።

ልጆቹ በረንዳ ላይ ቅጠል ፎቶ እያነሱ ነበር። ከመኪያ እጅ አመለጠ። የስንቱን ጊዜ ውድቀት የቻለው ብርቱካናማ ከቨር ዛሬ በፊቱ ወደቀ፣ ከደረጃው ስር ሾጣጣ ድንጋይ ነበረች፣ መሐል መስታወቱን አገኘችው። ማዕዘኑ ምን ያድርግ? ጠርዙስ? የፈሩት ይደርሳል ማለት ይሄ ነው።

እኔ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነበርኩ። ሳይ መኪያ የለችም። ታብሌቱም የለም። ደበቀችው ብዬ መፈለግ ጀመርኩ። ሽንት ቤት፣ አጥሩ ጋ፣ ክፍል... የለችም።

ቢሮ አገኘኋት። ብቻዋን ሄዳ አቶ ዳኜ ጠረጴዛ ፊት ቆማለች። ታብሌቱን በእጀታው አንጠልጥላዋለች። ጭንቅላቷ ከጠረጴዛው ብዙም ከፍ አይልም።

“ሰበርኩት” አለች።

አቶ ዳኜ ቀሉ። አየኋቸው። አፋቸው ተከፈተ፣ ቃሉ እዚያ ደርሶ ነበር፣ አውቀዋለሁ፣ የእኔም አፍ ላይ ስንቴ የኖረ ቃል ነው። ተዘጋ። ተነሱና ታብሌቱን ተቀበሏት። ከዚያ እጇን ገልብጠው አዩት።

“አልቆረጠሽም?”

ራሷን ግራ ቀኝ ነቀነቀች።

“በይ ሂጂ፣ ከጓደኛሽ ጋር ተጠቀሚ። ለኦቦ ዋቆ እደውላለሁ።” እንደማሉት አደረጉ።

ሂጂ የተባለችው ክፍል ነበር። እሷ ግን ወደ አጥሩ ሮጠች፣ እኔም ተከተልኳት። ሰባት ሰዓት ሆኗል፣ ሰርቪሱ ቆሟል፣ እናቷ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋለች።

“እማዬ! ታብሌቱን ሰበርኩት!”

እንደ ምሥራች ነው የጮኸችው። መብሩካ እግሯን ከደረጃው አወረደች። ፊቷ ሌላ ሆነ። ወደ በሩ መምጣት ስትጀምር አቶ ዳኜ ከኋላዬ ብቅ ብለው ሁለት እጃቸውን እያወዛወዙ መለሷት።

“ሂጂ! ሂጂ እንጂ መብሩካ! ሰርቪሱ ያመልጥሻል!”

ተመለሰች፣ ሰርቪሱ ውስጥ ገባች።