ከዛፎቹ ሥር ያለው ውሃ

ውድ ልጄ ሊንደን፣

መርዶህ የመጣ ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ፖሊሱ አቧራ በአቧራ ሆኖ ደጃፌ ላይ ሲቆም "ግባ፣ የሚጠጣ ልስጥህ" አልኩት። ባርኔጣውን አወለቀ። "ወይዘሮ ኖሪን፣ ሊንደንን ጎርፍ ወሰደው" አለኝ።

የወንዛችንን የኩፐርን ጠባይ አጥቼው አይደለም። ዝናቡ ከእኛ ርቆ ሰሜን ኩዊንስላንድ ላይ ይጥልና ውሃው ከሳምንታት በኋላ በጠራራ ፀሐይ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ለዚህም ነው የላይኛው ቤት ለታችኛው ስልክ የሚደውለው። ውሃው ከእኛ በላይ ያለችውን የጎረቤታችንን የቤሪልን አጥር ሲነካ እሷ ለእኔ፣ እኔ ደግሞ ከእኔ በታች ላሉት። ዘንድሮ ቤሪል አልደወለችም።

በቀብርህ ቀን ለምን አልደወልሽም ብዬ ጠየቅኳት። "ልጅሽ የሳተላይቱን የጎርፍ ካርታ ስልካችን ላይ ጭኖልን የለ እንዴ? አይታችሁታል ብዬ እኮ ነው" አለች። እኔም አይቼው ነበር። ሳተላይቱ ውሃውን ሰማያዊ፣ ደረቁን ቡናማ ያደርጋል፤ መንገዱ ወንዙን የሚያቋርጥበት መሻገሪያ ቡናማ ነበር።

ካርታህን አልረግምም። በድርቁ ጊዜ ውሃ የቀረበትን ኩሬ አሳይቶን ከብቶቻችን ተርፈዋል። ግን አንተው ነህ እራት ላይ "እማ፣ ይሄ ነገር መሻገሪያው ላይ ካሉት የኩሊባ ዛፎች ሥር አያይም፤ ቅጠሉ ይጋርደዋል" ያልከኝ። ታዲያ ማን ያየዋል ስልህ "እኔ ሄጄ አያለሁዋ" ብለህ ሳቅክ። ሄድክ። "መሻገሪያው በውሃ ተሸፍኗል" ብለህ በሬዲዮ ተናገርክ። መኪናህን ልታዞር ስትል የወንዙ ዳርቻ ከሥርህ ተናደ። ምናለ ትንሽ ራቅ ብለህ ብታዞር? ከልጅነትህ ጀምሮ ጠጋ ካላልክ ያየህ አይመስልህም።

አሁን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። መሻገሪያው ዛሬም ካርታው ላይ ቡናማ ነው። ካርታውን የሚያወጣው መሥሪያ ቤትህ ደወልኩ። አንዲት ልጅ አነሳችው፤ ድምፅዋ ጨዋ ነው። "በጣም አዝናለሁ፤ ግን ሳተላይቱ ያላየውን ሰማያዊ መቀባት አንችልም" አለችኝ።

"ሊንደን አይቶታል" አልኳት።

ከዚያ ለአለቃዋ እንደምትነግር ነገረችኝ። አለቃዋም ለአለቃው ይነግር ይሆናል። እነሱ እስኪነጋገሩ የሰው ልጅ በዚያ መንገድ ይነዳል።

ቤሪል አሁን ውሃ ሳይኖርም ትደውላለች። "ኖሪን፣ ደረቅ ነው" ትለኛለች። "ገብቶኛል፣ ቤሪል" እላታለሁ። ታሰለቸኛለች። ግን ትደውል።

ይህን ደብዳቤ ወደ መሻገሪያው በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ነዳጅ መቅጃ በር ላይ እለጥፈዋለሁ። አንተ የትም አታነበውም፤ የሚያልፉት ግን ያነቡታል።

እናትህ ኖሪን

ይህን የምታነቡ መንገደኞች ሆይ፣ መሻገሪያው ጋ ስትደርሱ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ሞተራችሁን አጥፉና ለልጄ ለሊንደን ነፍስ ጸልዩልኝ። ጸሎታችሁን እስክትጨርሱ ከዛፎቹ ሥር ያለውን ውሃ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።