ለቅሶ ላይ የቀረው የቤዛዊት ገብስ

ቀን፦ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአረንጓዴ አምባ የተፈጥሮ ሳይንስ ኮሌጅ
ዲን ጽሕፈት ቤት
እንጅባራ

አመልካች፦ ትዕዛዙ ወገኔ፣ የሟች ተማሪ ቤዛዊት ትዕዛዙ አባት
አድራሻ፦ ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ከአዲስ ቅዳም ከተማ ወጣ ብሎ

ጉዳዩ፦ የልጄና የጓደኛዋ የመመረቂያ ጥናት እንዳይሰረዝ፣ በተማሪ ኢብቲሳም አብዱልሀፊዝ ላይ የተላለፈው ቅጣት እንዲነሣ፣ ልጄም «ያቋረጠች» ተብላ እንዳትመዘገብ ስለመጠየቅ

ክቡር ዲን፣

ሥራ በበዛበት ጊዜዎ ላይ ሐዘኔን ይዤ ስለምገባ አስቀድሜ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ይህን አቤቱታ የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። ዞኑ ፊት ለፊት ጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ አንደኛው ነገሬን ሰምቶ «በግማሽ ገጽ ያልቅልዎታል» አለኝ። የልጄን ነገር በግማሽ ገጽ ከማስጨርስ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርኩትን ያህል ልሞክረው ብዬ ተነሣሁ። የዘገየሁትም አርባዋ እስኪወጣ ስለጠበቅሁ ነው።

1. ልጄ ቤዛዊት በኮሌጅዎ የባዮሎጂ ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። የመመረቂያ ጥናቷን የምትሠራው የዳንግላ ልጅ ከሆነችው የኬሚስትሪ ተማሪ ኢብቲሳም ጋር በጥምር ነው። ሁለቱ ትምህርት ክፍሎች ተስማምተው አንድ አማካሪ መምህር እንደመደቡላቸው በማኅደራቸው ላይ ስላለ አልደግመውም። ጥናቱ ዲከረንስ የሚባለው የከሰል ዛፍ የተነቀለበት መሬት ተመልሶ ገብስ ያበቅል እንደሆነ የሚመረምር ነበር። ቤዛዊት ቡቃያውን ትለካለች፤ ኢብቲሳም የአፈሩን አሲዳማነት ትመረምራለች።

2. ይህ ጥያቄ የመጣው ከቤታችን ነው። እርስዎ እንደሚያውቁት በእኛ በኩል ገብሱንም ጤፉንም ትተን ዲከረንስ ተከልን። ዛፉን አክስለን ሸጥን፤ ቆርቆሮ ቤት ሠራንበት፤ ልጅ አስተማርንበት። ቤዛዊትንም እዚህ ያደረሳት ከሰል ነው። ከዚያ በሽታ ገባበትና ቅጠሉ እንደ አሮጌ ቆርቆሮ እየዛገ ደረቀ። ነቅዬ ጣልኩት። መሬቱ ባዶውን ቀረ፤ ልዝራው ወይስ ልተወው የሚለውን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ልጄም እኔ አጥንቼ እነግርሃለሁ አለችኝ። እውነቴን ነው የምለው፣ ያን ዕለት ከደስታዬ የተነሣ ምሳዬን አልበላሁም።

ለጥምቀት በመጣች ጊዜ ከሦስት ቦታ አፈር ቆፈረች። አንዱን ዲከረንስ ከተነቀለበት፣ አንዱን ከሰል ሲከስልበት ከኖረው ጥቁር መሬት፣ አንዱን ደግሞ ዲከረንስ ነክቶት ከማያውቀው ከእናቷ ጓሮ። የመጨረሻው ማነጻጸሪያ ይባላል አለች። ጎረቤቶቼ «ትዕዛዙ ልጁን አስተምሮ አስተምሮ አፈር ተሸካሚ ሆነላት» እያሉ ሳቁብኝ። እኔም አብሬ ስቄ ጆንያውን እስከ መናኸሪያ በትከሻዬ አደረስኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ሆና በመስኮት «አባዬ፣ እኔ ሳልነግርህ እንዳትዘራ» አለችኝ። ገብሱን ከሥራቸው በተበሱ ትንንሽ ባልዲዎች ዘርተው በግሪን ሃውሱ ውስጥ አስቀመጡት።

3. መጋቢት 5 ቀን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከእንጅባራ ወደ ቤት ስትመጣ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ተረፉ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም፤ የሐኪም ማስረጃው ተያይዟል።

4. በእኛ አገር ለሞተ ሰው በባዶ እጅ አይለቀስም። ገበሬ ከሆነ ፈረሱ ተጭኖ ለቅሶው ሜዳ ላይ ይወጣል። ሴት ከሆነች ልብሷ ይወጣል፤ የፈተለችውና የሰፋችው ይወጣል። አልቃሹ ያንን እያየ ነው የሚያለቅሰው። ኢብቲሳም የሙስሊም ልጅ ናት፤ በእነሱ ዘንድ እንዲህ ያለ ልማድ የለም። ቢሆንም የጓደኛዋን አገር ልማድ ልታከብር ፈለገችና፣ የቤዛዊት ሞት እንደተሰማ ለባለቤቴ ለይታይሽ ስልክ ደውላ «እማማ፣ እኛ ከዚህ ምን ይዘን እንምጣ?» ብላ ጠየቀቻት። ይታይሽም «እጇ የነካውን ሁሉ አምጡልኝ» አለቻት።

ልጅቷ የተባለችውን አደረገች። ቀሚሷን አመጣች፤ ቤተ ሙከራ ስትገባ የምትለብሰውን ነጭ ጋዋን አመጣች። ከዚያም የቤዛዊት እጅ ከሁሉ አብልጦ የነካው ገብሱን ነው ብላ አሰበች። ጠዋት ጠዋት እያጠጣች በማስመሪያ ስትለካው የኖረችው እሱን ነውና። ሁሉንም መጫን ስላልቻለች በቤዛዊት እናት ጓሮ አፈር የበቀለውን ብቻ መረጠች። እሱ ከሁሉም ይበልጥ አረንጓዴ ነበር፤ ደግሞም እናቷ አፈሯን ታውቀዋለች ብላ ነው። እስከ መናኸሪያ በባጃጅ፣ ከዚያ በሚኒባስ፣ ባልዲዎቹን ጭኗ ላይና እግሯ ሥር አድርጋ አዲስ ቅዳም ደረሰች።

5. ክቡር ዲን፣ ቅዳሜ ዕለት ለቅሶው ላይ የሆነውን ኢብቲሳምን በቀጡበት ደብዳቤዎ ላይ «ማበላሸት» ብለውታል። እኔ ደግሞ እዚያው ቆሜ ስለነበር ያየሁትን ልንገርዎ። ሴቶቹ ባልዲዎቹን ከበው በአገውኛ አለቀሱ። ገብሱ ገና ጉልበት የማይደርስ ነበር። አንዷ ሴት አንድ ቡቃያ ነቀለችና እሱን ይዛ ደረቷን መታች። ሌላዋም ነቀለች። ማንም ማንንም አልከለከለም። ለቅሶው ሲበተን በባልዲዎቹ ውስጥ የቀረው አፈሩ ብቻ ነበር። አፈሩንም ይታይሽ ተሸክማ ሄዳ መቃብሯ ላይ አፈሰሰችው። የጓሮዬ አፈር ነው፣ ልጄ ትልበሰው አለች።

ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያ አፈር የጥናት ማነጻጸሪያ መሆኑን በቅጡ የምታውቅ ኢብቲሳም ብቻ ነበረች። አንድ ጊዜ እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው። እርስዎም በዚያ ቢኖሩ ከዚያች እናት እጅ አፈር የሚቀሙ አይመስለኝም።

ያን ጊዜ የእኛ ሁዳዴ፣ የእነሱም ረመዳን ነበር። ልጅቷ ውሃ ሳትቀምስ ከእኛ ጋር ስታለቅስ ዋለች። ፀሐይ ስትገባ እኔው ራሴ በጣሳ ውሃ ሰጥቻት በቤቴ አፈጠረች። ይህ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም የሚል ሰው ይኖራል። ለእኔ ግን ይገናኛል፤ የቀጣችኋት ልጅ ማን እንደሆነች እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ።

6. ሰኞ ዕለት ባዶዎቹን ባልዲዎች ወደ ኮሌጁ መልሳ የሆነውን ሁሉ ለአማካሪ መምህሯ በራሷ አንደበት ተናገረች። የጠየቃትም ሆነ የያዛት ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ በወጣው ደብዳቤ «የምርምር ናሙና ያለ ፈቃድ ከግቢ በማውጣትና በማበላሸት» ለአንድ ዓመት ታግዳለች። ጥናቱም ማነጻጸሪያው ስለጎደለ ተሰርዟል፤ የቀሩት ባልዲዎች እስከ ግንቦት 5 ከግሪን ሃውሱ እንዲወጡ ታዟል። አባቷ በዳንግላ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። ሊያጽናኑን ሁለት ጊዜ ሲመጡ ስለ ቅጣቱ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እኔ የሰማሁት ለአርባዋ ከመጡት ተማሪዎች ነው፤ በሰማሁም ጊዜ አፈርኩ። ልጄን ሊቀብሩ መጥተው በእኛ ቤት ምክንያት የእነሱም ልጅ ከትምህርቷ ቀረች።

7. የልጄን ማስረጃ ልወስድ ሬጅስትራር ሄጄ ነበር። ከስሟ ትይዩ «ያቋረጠች» የሚል ተጽፏል። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ፣ ኮምፒውተሩ ተመራቂ፣ የተሰናበተ ወይም ያቋረጠ ከሚሉት ውጭ ሌላ ምርጫ እንደሌለው ሠራተኛዋ በትሕትና ነገረችኝ። በእሷ አልተቀየምኩም። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ ልጄ አላቋረጠችም። ያን ዓርብ እንኳ ገብሷን አጠጥታ ነው የተሳፈረችው። ይህን ቃል ካየሁ ወዲህ እህል አይወርድልኝም። ዓይኔ እያየ ያደገች፣ ጠዋት ተነሥታ መማር የምትወድ ልጅ፣ ደክሟት ትታ እንደሄደች ሰው ተጽፋ ስትቀር አንጀቴ አልቻለም።

8. የኮሌጁ ሕግ ስህተት ነው ብዬ አልከራከርም። አማካሪ መምህሩ ጊዜ ወስደው አስረድተውኛል። እኔም በሬ ስገዛ ከሌላ በሬ አጠገብ አቁሜ ነው የማየው፤ ማነጻጸሪያ ሲጎድል ምን እንደሚጎድል ይገባኛል። ይሁን እንጂ ሁለቱ ዓይነት አሁንም አሉ። ኢብቲሳም ግቢ እንዳትገባ ስለተከለከለች የክፍል ጓደኞቻቸው በተራ ያጠጧቸዋል። ባለፈው ሳምንት አስፈቅጄ ገብቼ አየኋቸው። ገብሱ አሽቷል። ዲከረንስ በተነቀለበት አፈር ያለው የቀጨጨ ነው፤ ከሰል በከሰለበት ያለው ይሻላል። ለምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ይህን የሚያውቁት የተማሩት ናቸው፤ ልጄም ልታውቀው ነበር። ግንቦት 5 ቢነቀል ለማንም የማይሆን እሸት ነው። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቢጨመርለት ግን ይደርሳል።

ሰኔም እየቀረበ ነው። ጎረቤቶቼ ማረስ ጀምረዋል፤ እኔን ምን ትጠብቃለህ ይሉኛል። ሳልነግርህ እንዳትዘራ ተብያለሁና መልሱን ሳልሰማ በሬ አልጠምድም። እንቢተኛ ሆኜ አይደለም፤ ከልጄ የቀረኝ ትእዛዝ እሱ ስለሆነ ነው።

9. ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሀ) ሁለቱ ዓይነት ገብሶች እስኪደርሱ በቦታቸው እንዲቆዩ፤

ለ) ተማሪ ኢብቲሳም አብዱልሀፊዝ ከእገዳው ነጻ ሆና ጥናቱን እንድትጨርስ። በነገሩ ጥፋት አለ ከተባለም የእኛ የሐዘንተኞቹ ነውና ወቀሳው በስሜ ይጻፍ፤ መጥቼ እፈርማለሁ፤

ሐ) ጥናቱ በሁለቱም ስም እንዲቀርብ። ማነጻጸሪያው በጎደለበት ቦታ ላይ «ከተመራማሪዎቹ አንዷ ሞታ ለለቅሶዋ ወጥቶ አልተመለሰም» ተብሎ እውነቱ ይጻፍ። ውጤቱ ዝቅ ይበል፤ እንዳይሰረዝ ብቻ፤

መ) በልጄ ስም ትይዩ ያለው «ያቋረጠች» የሚለው ተነሥቶ «በሞት የተለየች» እንዲባል። ኮምፒውተሩ ቦታ ከሌለው በእስክሪብቶ ይጻፍልኝ።

የካሣም ሆነ የሌላ ነገር ጥያቄ የለኝም።

ይታይሽ ደግሞ አንድ ነገር እንድጠይቅላት አደራ ብላኛለች። ጥናቱ በሚቀርብበት ቀን ወላጅ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለች። በእንግሊዝኛ እንደሚቀርብ ነግሬያታለሁ፤ እሷ አማርኛውም ቢሆን እንደ አገውኛው አይቀናትም። አይገባሽምና ለምን ትደክሚያለሽ ብላት፣ «ከመጀመሩ በፊት የአቅራቢዎቹ ስም እንደሚጠራ ኢብቲሳም ነግራኛለች፣ እኔ የምሄደው ለእሱ ነው» አለች። ኋላ ትቀመጣለች፤ እንደማታለቅስም ቃል ገብታለች። ቤዛዊት ትዕዛዙ ተብሎ ሲጠራ «አቤት» የሚል ሰው እንደማይኖር ደጋግሜ አስረዳኋት። «እሱን እኔ እልላታለሁ» አለችኝ።

ከአክብሮትና ከሐዘንተኛ ቤት ሰላምታ ጋር፣

ትዕዛዙ ወገኔ
(ፊርማ)

የእናት ይታይሽ ቢሻው
(የጣት አሻራ)