ባርኮትና ባለቀለሙ ሻሽ

ለልጄ ለገሊላ፣ እግዚአብሔር የዱባይን ሙቀት ያብርድልሽ።

ለመላው የሰፈራችን የአቦከር ሕዝብ፣ በተለይም ላንቺ፣ የሚከተለው ታላቅ ዜና በክብር ይገለጻል፦ አባትሽ አቶ አባይነህ አዲስ ባርኔጣ ገዝተዋል።

ባርኔጣውን ለማስመረቅ ቅዳሜ ልጅሽን ባርኮትን ይዤ ሜዳ ላይ ወደተዘጋጀው የሙዚቃ ፌስቲቫል ሄድኩ። መግቢያው ርካሽ ነው፤ ለሽማግሌና ለሕፃንማ በነፃ። ኦቾሎኒ በላን። እስክስታ ስወርድ "አባባ፣ ሰው እያየዎት ነው!" ብላ አፈረችብኝ።

ትርምሱን ፈርቼ ከሩቅ እንድትታየኝ ደማቅ ባለቀለም ሻሽ አስሬላት ነበር። እኔ ሞኝ! ሐረር ተወልጄ ያረጀሁት ሰውዬ፣ የሐረሪ ሴቶች ለበዓል ምን እንደሚለብሱ ረስቼ! ኦቾሎኒ ልጨምር ዞር ስል እጇ ከእጄ የለም። ቀና ብዬ ባይ ሜዳው በሙሉ ባለቀለም ሻሽ ነው። አንዷን ባርኮት ናት ብዬ ትከሻዋን ብይዝ የሌላ ሰው ልጅ ሆና ተገኘች። ላንቺ ምን ብዬ እንደምነግርሽ እያሰብኩ ስሟን ብጠራ ከበሮው ድምፄን ዋጠው።

በመጨረሻ ያገኘኋት ከሚዘፍኑት የአፎቻ መረዳጃ ማኅበር ሴቶች መሀል ተቀምጣ እንደነሱ ለዘፈኑ ምት ሁለት እንጨት ስታጋጭ ነው። አንዷ እናት "አባባ፣ የጠፉትስ እርስዎ ነዎት፤ እሷማ ወላሂ አንድም ምት አልሳተችም" አሉኝ። ሁሉም አስር ደቂቃ ነው የፈጀው፣ አትደንግጪ።

እመብርሃን በሄድሽበት ትከተልሽ። እሑድ ስትደውዪ እሷን እንዳትቆጪያት። አስር ደቂቃ ያልኩሽን ግን እኔ ነኝ የፈጠርኩት፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ነበር። በስልክ ያልነገርኩሽም እስከ ዛሬ ስሟን ስጠራ ድምፄ ስለሚንቀጠቀጥ ነው።