መዳፏን ይዤ ያላየሁት

ጥቅምት 6

የዚፕ ቀን። አምስት ዚፕ ቀየርኩ፣ ሦስቱ የወንድ ሱሪ። ወንዶች ዚፕን ምን እንደሚያደርጉት አይገባኝም... ከዚያ መጋረጃው ኋላ ሁለት መዳፍ አነበብኩ። አንዷ ልጇ ፈተና ያልፍ እንደሆነ፣ አንዷ ባሏ ሌላ ሴት ይዞ እንደሆነ። ለመጀመሪያዋ "ያልፋል፣ ካጠና" አልኳት። ለሁለተኛዋ "ልብሽ የሚያውቀውን ለምን ትጠይቂኛለሽ?" አልኳት። አለቀሰች። ይቺ መልስ ወገቡ ላስቲክ እንደሆነ ቀሚስ ናት፣ ለሁሉም ትሆናለች።

ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪው በመስኮት ብቅ ብሎ "አዋቂዋ! መነጽሬን የት ጣልኩት?" አለኝ። ግንባሩ ላይ ሰቅሎት! "መንፈስ ግንባርህን ዳስስ ይልሃል" አልኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ። ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን አምኖኝ አያውቅም። ለዚህ ይሆን ከእሱ ጋር ሳወራ የሚቀለኝ?

ከሰዓት አስተማሪዋ መጣች። ሒሳብ የምታስተምረው። በሰኔ የሰፋሁላትን ጉርድ ይዛ "እትዬ፣ ሰፍቶኛል፣ አጥብቢልኝ" አለች። ሜትሩን ወገቧ ላይ አዞርኩ። ስልሳ አምስት። ጻፍኩ። ከዚያ እንደ ልማዷ መጋረጃው ኋላ ገብታ እጇን ሰጠችኝ። የሚያልበው፣ ትኩስ፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ። "ውስጥሽ እሳት አለ፣ ኃይል ነው" አልኳት። ሁልጊዜም የምላት ይሄንኑ ነው። ደስ ብሏት ሄደች። እኔ ግን ደስ አላለኝም። ለምን ይሆን?

ጥቅምት 7

አልቻልኩም፣ የልክ ደብተሬን ገለጥኩ።

ለእያንዳንዷ ደንበኛ አንድ ገጽ አላት። በቀኝ በኩል ወገብ፣ ደረት፣ ዳሌ። በግራ በኩል ደግሞ... ስትለካ የምታወራው። ሴት ክንዷን ዘርግታ ሜትር ሲዞርባት ምን እንደሚያናግራት እንጃ። ስለ አማቷ፣ ስለ አለቃዋ፣ ስለ ጎረቤቷ፣ ያልጠየቅኋትን ሁሉ ታወራለች። እኔም እጽፋለሁ። በሌላ ቀን መዳፏን ይዤ ያንኑ መልሼ ስነግራት "አንቺ ሴትዮ ከየት አመጣሽው!" ትለኛለች። ከአፍሽ!

ነገሩ የተጀመረው ከአራት ዓመት በፊት ነው። የአንዷ ደንበኛዬ ወገብ አራት ሴንቲ ሜትር ጨምሮ ሌላው ልክ ንቅንቅ አላለም። "እንኳን ደስ ያለሽ" አልኳት። ማርገዟን እሷ ራሷ አታውቅም ነበር! በሳምንቱ ሰፈሩ በሙሉ ደጄ ላይ ተሰለፈ። "ሜትሩ ነው የነገረኝ" ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ደስ ብሎኝ ነበራ።

የአስተማሪዋ ገጽ። ሰኔ፣ ወገብ 75። ነሐሴ፣ 70። ጥቅምት፣ 65። ዳሌም ወርዷል፣ ክንድም። በግራ በኩል በራሴ እጅ፦ "በደንብ እበላለሁ ትላለች። እንቅልፍ እምቢ ብሏታል። ልቧ ይመታል። ደረጃ ያደክማታል።" ከሥሩ እኔ ያልኳት፦ "የምቀኛ ዓይን ነው፣ እስከ ጥር ይለቅሻል።"

እስከ ጥር! ጥርን ከየት አመጣሁት?

ጥቅምት 8

እህቴ መጣች። ከክሊኒኩ የዕረፍት ቀኗ ነው። ነርስ ናትና ገጹን አሳየኋት። ስም ሸፍኜ።

"እየበላች ነው እንዲህ የምትቀንሰው?"

"እየበላች።"

"እታለም፣ ይቺ ሴት ዛሬ ነገ ሳትል ሐኪም ጋ ትሂድ።"

"እኔ አትሂጂ አላልኳት..."

"እስከ ጥር ይለቅሻል ካልሻት ምን ልትሠራ ትሄዳለች?"

ትንሽ ቆይታ ግን መላ አመጣችልኝ። "ያመነችው አንቺን አይደል? መዳፍሽ ላይ ሐኪም አየሁ በያት፣ በሩጫ ትሄዳለች።" የተማረችዋ እህቴ! ስትቆጣኝ የኖረችው! እሷም ዋሺ ካለችማ... ደስ አለኝ። መጋረጃዬ ተረፈች።

ጥቅምት 11

ወይ ጉድ። ወይ የኔ ጉድ።

ሌላ ሰበብ ፈጥሬ አስጠራኋት። እጇን ይዤ ድምፄን አወፈርኩ። "ሐኪም ይታየኛል። ነጭ ልብስ። ቶሎ ሂጂ ይላል።"

እጇን መንጭቃ ወሰደች። "ምን አየሽ?"

"ምንም። ብቻ ሐኪም..."

"እስከ ጥር ብለሽኝ አልነበር? ምን ተለወጠ? ንገሪኝ እትዬ፣ መስመሩ አጠረ?"

ምን ልበል? ምንም አላየሁም ብላት የማታምነኝ እኮ ራሴው መዳፍ ይናገራል ብዬ ስላስተማርኳት ነው። ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ ረጋ አለች። መርጋቷ ነው ያስፈራኝ። "ከተጻፈ ሐኪም ምን ያደርግልኛል? ቢያንስ ተማሪዎቼን የአጋማሹን ፈተና ላስፈትን" ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

እንድትድን ብዬ ሞት ፈረድኩባት።

ጥቅምት 12

አራት ጊዜ ደወልኩ። አታነሳም።

ጥቅምት 13

እውነቱን መንገር ነው ያለብኝ። ይሄ ጠፍቶኝ አይደለም። ታዲያ ምን ያዘኝ? እፍረት? እሱም አለ። ግን የባሰ ነገር አለ።

እናቷ። በሰኔ መጀመሪያ የመጣች ቀን "አንዲት ሴት ትታየኛለች፣ ሳትታረቁ ነው የሞተችው" አልኳት። "እናቴ!" ብላ ተንሰቀሰቀች። ከዚያ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ የሥራ ባልደረባዋ ቀሚስ ስትለካ ነበር ሁሉን የዘረገፈችልኝ። መጣላታቸውን፣ ሁለት ዓመት መኮራረፋቸውን፣ ለቀብሩ ብቻ መድረሷን። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ "ይቅር ብላሻለች፣ ደጋግማ ይቅር ብያታለሁ ትላለች" አልኩ። ያን ዕለት ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ እንደወሰዳት በማግስቱ መጥታ ነገረችኝ። እጄን ሳመች። እጄን!

አሁን እውነቱን ከነገርኳት ያንንም ልቀማት ነው። ካልነገርኳት ደግሞ...

መላ ቢጠፋኝ ደብተሩን ከመጀመሪያ ጀምሬ አነበብኩ። ያልኩት የደረሰውን በሰማያዊ፣ ያልደረሰውን በቀይ አሰመርኩ። ስልሳ ሁለት ሴቶች። ሰማያዊ አሥራ አንድ። አሥራ አንድ ብቻ! እኔ ግን ሁሉም የደረሰ ይመስለኝ ነበር። የደረሰላት ጎረቤቷን ይዛ ስትመጣ፣ ያልደረሰላት ድምጿን አጥፍታ ስትቀር፣ ከየት ልወቅ?

ራሴስ አምን ነበር? ትንሽ... አዎ። ከአሥራ አንዱ ሁለቱን ከየት እንዳመጣኋቸው ዛሬም አላውቅም። ማንም አልነገረኝም፣ ሜትርም አልነገረኝም። ምናልባት እንዲያው ገጠመኝ። ምናልባት ሌላ። እንጃ። ለሁለቱ ስል ግን ያን ሁሉ ቀይ ሳላይ መኖሬ ያናድደኛል።

ነገ እሄዳለሁ።

ጥቅምት 14

ትምህርት ቤት ሄድኩ፣ በዕረፍት ሰዓት። ደብተሩን በብብቴ ይዤ። ባዶ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ስትጠርግ አገኘኋት። ለማጽዳት እንኳ ሁለት ጊዜ አረፈች።

"እትዬ! ምን ልትነግሪኝ ነው?" አለች። ዓይኗ ፈጦ።

"ምንም አላየሁም" አልኳት። "መዳፍሽ ላይ ጥንትም አላየሁም፣ ባለፈውም አላየሁም። የማየው ይሄን ነው።" ገጿን ገልጬ ሰጠኋት።

ቁጥሮቹን ነው መጀመሪያ ያየችው። ጣቷ ከላይ ወደ ታች ወረደ። ሰባ አምስት፣ ሰባ፣ ስልሳ አምስት። ከዚያ ግራውን አነበበች። ሁሉን ነገርኳት። የምቀኛ ዓይን ከራሴ፣ ጥር ከራሴ፣ መስመሩ ማጠሩ ውሸት። "ታምመሻል፣ ግን እንደምትሞቺ ማንም አልጻፈም። እባክሽ ልጄ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ።"

ገጹን አልለቀቀችም።

"እናቴስ?"

የፈራሁት መጣ። "ባልደረባሽ ነግራኝ ነው።"

"ይቅር ብላኛለች ያልሽውስ?"

መዋሸት እንዴት አማረኝ! አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትፈለገው። "ከራሴ ነው" አልኳት።

አልጮኸችም። ገጿን ከደብተሩ ቀደደችና አጠፈችው። "ከክፍሌ ይውጡልኝ" አለች። አራት ወር ሙሉ አንቺ ስትለኝ ከርማ፣ ይውጡልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ እየተጋፉ ሲገቡ እኔ በግድግዳው ተለጥፌ ወጣሁ።

ጥቅምት 16

መጋረጃውን አወረድኩ። ሰዓት ሠሪው ወንበር ያዘልኝ። ሲጠይቀኝ ነገርኩት፣ ስሟን ሳልጠራ። ይቀልድብኛል ብዬ ነበር፣ አልቀለደም። ካወረድን በኋላ ብቻ፣ "እንግዲህ መነጽሬን ራሴ ልፈልግ ነዋ" አለኝ። ሳቄን ለቀቅኩት። ከትምህርት ቤቱ ከወጣሁ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ።

ክፍሉ ብርሃን ገባው። አቧራውም ታየ፣ ምን ይደረግ።

ጥቅምት 22

እህቴን ጠየቅኳት። "አንዲት አስተማሪ ክሊኒካችሁ መጥታ ነበር? ቀጭን፣ ረዘም ያለች..."

"የታካሚ ነገር ከክሊኒክ አይወጣም። እንዳንቺ መሰልኩሽ?"

አገኘችኝ። ግን አላስቻለኝም፣ ፊቷን ለማንበብ ሞከርኩ። ቅንድቧን፣ አፏን፣ ትከሻዋን። አራት ዓመት የሰው ፊት አንብቤ የገዛ እህቴ ግድግዳ ሆነችብኝ! "እታለም፣ አታንብቢኝ!" ብላ በትራስ መታችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። "ዋሺ ብዬ የመከርኩሽ ጥፋቱ የኔም ነው" አለችኝ ስትወጣ። ይሄን ትላለች ብዬ አላሰብኩም።

ሄዳ ይሆን? አልሄደች ይሆን?

ኅዳር 3

መጣች!

አልተቀመጠችም። በር ላይ ቆማ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ነው ያወራችው።

"ሐኪሙ መጀመሪያ ያየው ምኔን እንደሆነ ያውቃሉ? እጄን። እንዲህ ዘርጊ አለኝ። ወረቀት አስቀመጠበት። ወረቀቱ ተርገፈገፈ።" እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። "ከዚያ መዳፌን ነካ። ይሞቃል፣ ያልበዋል አለ። ከመቼ ጀምሮ ነው? አለኝ።"

አንገቴን ደፋሁ። ያንን እጅ አራት ወር ይዤው ነበር። ስንቴ!

አንገት ላይ ያለ ዕጢ ነው አሉ፣ ታይሮይድ የሚሉት። ከልክ በላይ እየሠራ ሰውነቷን ሲያቃጥል ከርሟል። በደም ምርመራ ተረጋግጧል። ክኒን ጀምራለች። "ይድናል። ቢቆይ ግን ልብሽን ይጎዳው ነበር አሉኝ።" የቀደደችውን ገጽም ሐኪሙ ፋይሏ ውስጥ አስገብቶታል። እንዲህ ከነወሩ የተጻፈ ልክ ይዞለት የመጣ ታካሚ አጋጥሞት አያውቅም አሉ።

"ልሰድብዎ ነበር የመጣሁት" አለች። "ግን ደከመኝ።"

"ሌላ ቀን መጥተሽ ስደቢኝ" አልኳት። ከአፌ አምልጦኝ ነው። አፏ ጥግ ላይ የሆነ ነገር ብቅ ብሎ ጠፋ። ሄደች።

በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። እሰይ! እሰይ! ትድናለች!

ኅዳር 21

ከሌላ ሰፈር አንዲት ሴትዮ መዳፍ ልታስነብብ መጣች። "አላውቅም" አልኳት። "ሲሉ የሰማሁት እንዲህ አይደለም!" ብላ ተቆጣች። ልክ ዕቃ ደብቄ የከለከልኳት ይመስል። ደንበኛ ቀንሷል፣ መቼም አልዋሽም። የተማሪ ዩኒፎርም ለመስፋት ተነጋግሬአለሁ። እግሬ ፔዳል ላይ ሲውል ያብጣል። ሲነጋ ግን መነሳት አይከብደኝም፣ ከዚህ በፊት ለምን ይከብደኝ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

ጥር 5

አስተማሪዋ ጨርቅ ይዛ መጣች። አረንጓዴ፣ ጥሩ ጨርቅ። "ቀሚስ ስፊልኝ" አለች። ትናንት የተለያየን ይመስል! ላለማስታወቅ ሜትር ፈልጌ ወዲያ ወዲህ አልኩ። አንገቴ ላይ ነበር።

ወገብ 70። ቁጥሩን ጮክ ብዬ ሳነብ ፈገግ አለች። ስትለካ ብዙ አላወራችም፣ እኔም ምንም አልጻፍኩም። ልክ ብቻ።

ልትሄድ ስትል ግን ቆመች። "አክስቴ ጋ ሄጄ ነበር። እናቴ ስለ እኔ ምን ትል እንደነበር ጠየቅኳት።"

"ምን አለችሽ?"

"ስምሽን ሳትጠራ የዋለችበት ቀን የለም አለችኝ። ይቅር በማለቷ ግን አክስቴም አታውቅም።" ጨርቁን እያጣጠፈች ትፈታዋለች። "እኔ ግን ይቅር ያለችኝ ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው ያልኩት።"

"ሰምቻለሁ" አልኳት።

"አንቺስ ምን ይመስልሻል?"

ዱሮ ቢሆን ወዲያው ነበር የምመልሰው። ልክ ከአጠገቤ እንዳለች አድርጌ በእናትዮዋ አፍ እናገር ነበር። አሁን ምን ልበላት? ያችን ሴት አላውቃትም። በስሟ ይቅርታ አድያለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ስለ እሷ ጠይቄ አላውቅም።

"ምን ዓይነት ሴት ነበረች?" አልኳት።

ደነገጠች። ማንም ጠይቋት አያውቅም መሰለኝ።

"ግትር!" አለችና ሳቀች። ወንበር ስባ ተቀመጠች።